ቀንድ አውጣ ከበሽታ ጋር እንዴት ይታገላል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ



 የንግግራችንን አርእስት ባስታወቅን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሣቁብን። «ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ ታላላቅ ሰዎች ሥራ መናገር ሲቻል፥ ስለ ቀንድ አውጣ ምን የሚነገር ነገር ይገኛል?» አሉን። እኛ አልፈረድንባቸውም፤ ከአንድ ዓመት በፊት እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበርና። ሐሳባችንን የለወጠው የበጎች ሞት ነው።

ከክበባችን አባሎች የአንዱ ወላጆች ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፥ ጥቁር አፈር ውኃ በሚቋጥርበት ሜዳ ላይ በጎቻቸውን ያሰማሩ ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጎቹ ሣር ሞልቶላቸው ሳለ ከሱ፤ መንጋጋቸው ሥር እንደ ከረጢት አበጠ፤ ጥቂት ቆይተውም አራቱ ሞቱ። ጓደኛችን የዓመቱን ደብተርና ጫማ የሚጠብቀው ከእነዚሁ በጎች ሽያጭ ነበር። የእንስሳት ሐኪም የአንዱን በግ ጉበት ከፍተው ባሳዩአቸው ጊዜ ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ተገኙበት። ይህ የጉበት ትል የሚባለው ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ከብትና በግ ለሚያረቡ ሰዎች ሁሉ የታወቀ ጠላት ነው።

ሐኪሙ ሲያስረዱ፥ የትሉ እንቍላል ከበጉ ፋንድያ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ በውኃው ውስጥ ተፈልፍሎ ለዓይን የማይታይ ሕፃን ትል ይሆናል። ይህ ሕፃን ትል ወዲያውኑ በግ አይፈልግም፤ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ወደ ሥጋዋ ይገባል። እዚያ ውስጥ ከአንዱ ትል ብዙ መቶ ትሎች ይወጣሉ፤ ወጥተውም ሣር ላይ ተለጥፈው በጉን ይጠብቃሉ።

ጓደኛችን ይህን በሰማ ጊዜ በቀንድ አውጣ ላይ ቂም ያዘ። በክበባችን ስብሰባ ላይም ተነሥቶ፥ «የዚህ ዓመት ሥራችን የሁሉቃን ዳር ዳር እየተከተልን ቀንድ አውጣ ሁሉ እየለቀምን መጨፍለቅ ይሁን» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። መምህራችን ግን ፈገግ ብለው፥ «ጠላት የምትሉትን ከመምታታችሁ በፊት ዕወቁት። ይህ ፍጡር ቀን ከሌት በጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ሐኪም የለው፥ ክትባት የለው፤ ታዲያ ስለ ምን በስብሶ አያልቅም? ይህን መልሱልኝና ከዚያ በኋላ ትጨፈልቃላችሁ» አሉን።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን እናስረዳ። በአንድ የሻይ ማንኪያ የወንዝ ውኃ ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ ለማንም ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ሥጋ የተቈረጠበት ወይም የደከመ ፍጡር ሲያገኙ ገብተው የሚበሉት አይጠፉም። ቀንድ አውጣ ለስላሳ ሥጋውን በዚህ ውኃ ውስጥ እየጐተተ ይውላል። በባሕር ውስጥ የሚኖሩት ባለ ሁለት ክዳን ዘመዶቹማ ከዚህ የባሰ ኑሮ አላቸው። ኦይስተር የተባለው የባሕር ዛጎል ምግቡን የሚያገኘው ውኃውን በሰውነቱ ውስጥ እያሳለፈ በማጥለል ነው። አንድ ትልቅ ኦይስተር ነገሩ ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጠልል ይችላል ይባላል። ከዚህ ውኃ ጋር ስንት ባክቴሪያ በሰውነቱ ውስጥ እንደሚያልፍ እናንተው አስሉት!

የቀንድ አውጣና የዘመዶቹ መከላከያ እንደ አንድ የጥንት ከተማ መከላከያ ነው፤ ቅጥር አለው፥ ዘበኛ አለው፥ ጦር ሠራዊትም አለው።

ቅጥሩ ዛጎሉ ነው። ዛጎል ከኖራ ዘር የተሠራ ስለሆነ ባክቴሪያ አይበሳውም። ቀንድ አውጣው ግን ለመብላትና ለመተንፈስ ከቅጥሩ መውጣት አለበት። ስለዚህ በሥጋው ላይ ልጋግ ይቀባል። እኛ ልጋጉን አይተን የምንጸየፈው ለቀንድ አውጣው የበር ዘበኛው ነው። ባክቴሪያው በልጋጉ ይያዛል፤ ልጋጉም ሲታደስና ሲወገድ አብሮ ይጣላል። ከዚህም በላይ በልጋጉ ውስጥ የባክቴሪያን ሽፋን የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ላይሶዛይም ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር በእኛም እንባ፥ በምራቃችንና በዶሮ እንቍላል ነጭ ውስጥ ይገኛል። ስሙን አውጥተው በ1922 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ለዓለም ያስታወቁት፥ በኋላ ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ናቸው። እንግዲህ ዓይናችንን የሚጠብቀው ዘበኛና የቀንድ አውጣውን እግር የሚጠብቀው ዘበኛ የአንድ ሥራ ባልደረቦች ናቸው ማለት ነው።

ዛጎሉ ቢሰነጠቅ ወይም ሥጋው ቢቈስልና ጠላት ቢገባስ? ያን ጊዜ ሠራዊቱ ይነሣል። ይህን ሠራዊት እኛ በዓይናችን ለማየት ሞከርን። መምህራችን ጓንት አስለብሰውን፥ ከረግረጉ ያመጣነውን ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውስጥ አኖርን። እግሩን በቀስታ በሣር ጫፍ ስንነካው ፈጥኖ ወደ ዛጎሉ ገባ፤ ሲገባም ጥቂት ፈሳሽ ተፋ። ያ ፈሳሽ ደሙ ነው። ቀይ አይደለም፤ የእኛ ደም ብረት ሲይዝ የእርሱ መዳብ ስለሚይዝ ነጣ ያለ ሰማያዊ መልክ አለው። ጠብታውን በመስተዋት ላይ አድርገን በማይክሮስኮፕ ብናይ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ሴሎች አየን። ጥቂት ቆይተው መስተዋቱን ይዘው ተዘረጉ፤ እንደ ጣት ያለ ነገርም አወጡ። ያ በጎቹ የሞቱበት ጓደኛችን ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም፤ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እስኪቈጡ ድረስ ተመለከተ።

እነዚህ ሴሎች ሄሞሳይት ይባላሉ። የቀንድ አውጣ ደም እንደ እኛ በጠባብ ሥሮች ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ የውስጥ አካሉን እያጠበ ይዞራል። ስለዚህ ሄሞሳይቶቹ ወደ ፈለጉበት ይደርሳሉ። ባክቴሪያ ሲያገኙ በጣታቸው ከብበው ይውጡታል፤ ከዋጡትም በኋላ በሆዳቸው ውስጥ በላይሶዛይምና ኦክስጅን በያዙ ኀይለኛ ንጥረ ነገሮች ያቃጥሉታል።

እንዲህ ያሉ ሴሎች ጠላትን እንደሚውጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋሉት ሰው ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባሉ ሩሲያዊ ሊቅ ናቸው። በ1882 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) በኢጣልያ አገር፥ በሜሲና ከተማ ሳሉ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ ሕፃን ወሰዱ፤ ከአትክልት ስፍራቸው ያመጡትንም የጽጌረዳ እሾህ ወጉበት። በማግሥቱ ጧት ቢያዩ የሕፃኑ ሴሎች ከያሉበት ተሰብስበው እሾሁን ከበውት አገኙ። ሊቁ ከዚህ ተነሥተው፥ በእኛም ቍስል ላይ የምናየው መግል የሰውነታችን ወታደሮች የተዋጉበት የጦር ሜዳ መሆኑን አስረዱ። በ1908 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሲጀመር የነበረው ግን የጽጌረዳ እሾህና አንድ ታናሽ የባሕር ፍጡር ብቻ ነበር።

አሁን «ወታደሩ ጠላቱን ከወዳጁ በምን ይለየዋል?» የሚል ይኖራል። በባክቴሪያ ሽፋን ላይ በቀንድ አውጣ ሥጋ ላይ የማይገኙ የስኳር ዘሮችና ሌሎች ምልክቶች አሉ። በቀንድ አውጣው ደም ውስጥ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች እነዚህን ምልክቶች ፈልገው ይጣበቁባቸዋል፤ ባክቴሪያዎቹንም እርስ በርሳቸው ያያይዟቸዋል። በዚያን ጊዜ ሄሞሳይቶቹ የታሰረ ሌባ እንዳገኘ ዘበኛ ይይዟቸዋል። ከዚህም ሌላ ባለ ሁለት ክዳን የሆኑት የባሕር ዘመዶቹ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖች ይሠራሉ።

የጎደላቸው ነገርም አለ፤ አንቲቦዲ የላቸውም። የእኛ ሰውነት አንድን በሽታ አንድ ጊዜ ካወቀ ለዚያ በሽታ ብቻ የተለየ መሣሪያ ሠርቶ በመዝገብ ያኖራል፤ ክትባት የሚጠቅመንም ስለዚህ ነው። ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለ መዝገብ ስለሌለው ለብዙ ዘመን ምንም ነገር አያስታውስም ይባል ነበር። በዚህ በያዝነው ምዕት ዓመት የተደረጉ ምርመራዎች ግን ይህን አባባል አሻሽለውታል። ባዮምፋላሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ አንድ ጊዜ ትል ገብቶበት ከቆየ፥ ያው ዓይነት ትል ሁለተኛ ሲመጣበት ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ እንደሚከላከል ታውቋል። መዝገቡ እንደ እኛ ባይሆንም ቀንድ አውጣም ከደረሰበት ይማራል።

ይህ ሁሉ መከላከያ ሳለ ለምን ይሸነፋሉ? ኦይስተር የሚያረቡ የፈረንሳይ ሰዎች ይህን ጥያቄ በብርቱ ጠይቀዋል። ከ2008 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ጀምሮ በባሕራቸው ዳር ሕፃናት ኦይስተሮች በብዛት አለቁ። ተመራማሪዎች ሲመረምሩ፥ መጀመሪያ አንድ ቫይረስ ገብቶ ሄሞሳይቶቹን ያደክማል፤ ከዚያ በኋላ በውኃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በተከፈተው በር ገብተው ይጨርሷቸዋል። እናቶች ይህን ነገር በቤታቸው ያውቁታል፤ ሕፃን ኩፍኝ ይይዘውና ሰውነቱ ሲደክም የሳንባ ምች ተከትሎ ይገባል። የባሕር ዛጎልና የሰው ልጅ በዚህ አንድ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ፊተኛው ጠላት ብቻ አይደለም፥ በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ኋለኛው ጭምር ነው። የውኃውም ጠባይ ነገሩን ይለውጠዋል። ውኃው ሲሞቅ ባክቴሪያዎቹ ይበዛሉ፤ ውኃው በመርዝና በብረት ዘር ሲቈሽሽ ደግሞ ሄሞሳይቶቹ መዋጥ ይሳናቸዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የቀንድ አውጣ ነገር የበግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞቅ ባሉት ወንዞቻችንና የመስኖ ቦዮቻችን ውስጥ የሚኖረው ባዮምፋላሪያ የቢልሃርዚያን ትል ያሳድጋል፤ ይህ ትል በውኃ በሚዋኙና ልብስ በሚያጥቡ ሰዎች ቆዳ በኩል ይገባል። ይህን በሽታ ለመዋጋት በዓለም የታወቀ ሥራ የሠሩት የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) በዐድዋ ሲመራመሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላው ሰው ያለፈውን እርሳቸው ቆመው ጠየቁ፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ይኸው እንዶድ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎሎችንም እንደሚገድል በኋላ ታወቀ።

እንዶድ በእኛ አገር ኦሮምኛ ሀንዶዴ የሚባለው፥ ከጥንት ጀምሮ እናቶቻችን ነጠላቸውን ያነጡበት ነው። በውስጡ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር የሴልን ሽፋን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ሄሞሳይት ከባክቴሪያ ጋር ለመዋጋት የሠለጠነ ቢሆንም ከእንዶድ ጋር መዋጋት አይችልም። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እንዳገኙ በወንዝ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ደግሞ ተመራማሪዎች ለምርመራ ያረቧቸውን የባዮምፋላሪያ ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ይህ ባክቴሪያ የቀንድ አውጣውን ሠራዊት አሸንፎ በሥጋው ውስጥ ነጫጭ እብጠት ያወጣበታል። የቀንድ አውጣን መከላከያ ማወቅ ለሐኪምና ለገበሬ የሚጠቅመው እንግዲህ በዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀንን ግን ለመጨረሻ አቈይተነዋል። ሕፃኑ ትል ወደ ቀንድ አውጣው ሲገባ ሄሞሳይቶቹ ዝም ብለው አይመለከቱም። ትሉ ከአንዱ ሄሞሳይት እጅግ ስለሚበልጥ አንዱ ብቻውን ሊውጠው አይችልም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ብዙ ሆነው ተደራርበው ይከቡታል፤ በርትተው ከተገኙም በዚያው አፍነው ይገድሉታል። ይህን የሚችሉ የቀንድ አውጣ ዘሮች አሉ። በእነርሱ ውስጥ የገባው ትል እዚያው ይቀራል፤ በግም አይታመምም፥ ሕፃንም አይታመምም። የማይችሉት ግን በትሉ ይታለላሉ፤ ትሉ መልኩን ያስመስላል፥ ሄሞሳይቶቹንም ያደክማል። የተሸነፈው ቀንድ አውጣ ሥጋው ተበልቶ እንቍላል መጣሉን ያቆማል።

ይህን ባነበብን ቀን ያ ጓደኛችን፥ «እኔ ጠላቴ የመሰለኝ እንደ በጎቼ በሽተኛ ኖሯል» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ መጨፍለቅ ያነሣ የለም። ነገሩ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የሚታየው እውነት ነው። ቀንድ አውጣው በትሉ ላይ ድል ሲያደርግ ድሉ የእኛም ነው፤ እርሱ ሲሸነፍ ዕዳው በበጋችንና በልጃችን ላይ ይወድቃል። ሠራዊቱ ታናሽ ቢሆንም የሚዋጋው በእኛ ድንበር ላይ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ ጓደኛችን ያን ትምህርት ወደ ቤቱ ወሰደው። አባቱን ለምኖ በጎቹ ከክረምት መውጫ ጀምሮ በረግረጉ እንዳይሰማሩ አደረገ፤ ሣሩ ከደረቅ ስፍራ ታጭዶ ይቀርብላቸዋል፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ባዘዙት ጊዜ ይወስዳሉ። ዘንድሮ ከቀሩት በጎች አንድም አልሞተባቸውም። እናንተም ከጌዶ እስከ ጊንጪ ባላችሁበት ሁሉ ይህን ብታደርጉ አታፍሩበትም። የረጋ ውኃ የሚፈስበት ቦይ ይቈፈር፤ የወንዝ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ። ወደ ሁሉቃ የሚጣለው ቈሻሻና መርዝም ይቁም። ሁሉቃ ከእኛ ተነሥቶ ወደ ጉደር፥ ከጉደርም ወደ ዓባይ ይሄዳልና፥ እኛ ያቈሸሽነውን ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ለእናንተ ያለን ቃል አጭር ነው። ሜችኒኮፍ እሾህ አነሡ፤ ዶክተር አክሊሉ ከልብስ አጣቢዎች በታች ቆመው ተመለከቱ። ሁለቱም የጀመሩት ማንም ሊያገኘው በሚችል ነገር ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ከበሩ ውጭም ወንዝ አለ። የቀረው የእኛ ጥያቄ ነው።

መምህራችን የጠየቁንን መልሰናል ብለን እናምናለን። «ከዚያ በኋላ ትጨፈልቃላችሁ» ያሉንን ግን ሳንፈጽመው ቀርተናል፤ ስለዚህ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

 ትምህርት ቤታችን ብዙ በዓል ለማክበር ያብቃው።